ዒላማው ራሱ ይናገራል
ስለ ጀማሪዎች የጠመንጃ ተኩስ ትምህርትና መምህር ከሱ ስለሚያገኘው ቁም ነገር

ይህን ርእስ ያየ ሠልጣኝ «ደግሞ ጠመንጃና ጠመኔ ምን አገናኛቸው?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ብሆን እንዲሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ ወደ አሜሪካ ሄጄ ሳለሁ የአክስቴ ልጅ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ዕድሜዋ ከ50 ያለፈ ሴት ወይዘሮ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የጠመንጃ ተኩስ ትምህርት ለመካፈል ተመዝግቤአለሁ ስትለኝ ከት ብዬ ሳቅሁባት። እሷም «ሳቅ፤ ግን መጥተህ እይ» አለችኝ። ሄድኩና ሁለት ቀን ሙሉ ከተኳሾቹ መስመር በስተኋላ፣ የጆሮ መከላከያ አድርጌ፣ ተቀምጬ አየሁ። እኔ አልተኮስሁም፤ ለጉብኝት የመጣ የውጭ አገር ሰው መሣሪያ እንዲይዝ የአገሩ ሕግ በቀላሉ አይፈቅድምና። ሆኖም ተኩሱን ሳይሆን ማስተማሩን ስመለከት ውዬ፣ ከብዙ ዓመት የመምህርነት ሥራ በኋላ አንድ ጉድለቴን አውቄ ተመለስሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ለዕጩ መምህራንና ለባልደረቦቼ ማካፈል ነው።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ትምህርቱን የሚሰጠው «ፕሮጀክት አፕልሲድ» የሚባል እንቅስቃሴ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን የሚያካሂደው ለትርፍ ያልቆመ አንድ ማኅበር ነው። አሠልጣኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀይ ኮፍያ ያደረገው አሠልጣኝ ነው፤ ብርቱካንማ ያደረገው ደግሞ ገና በመሠልጠን ላይ ያለ ዕጩ አሠልጣኝ ነው፤ ልክ እንደ እናንተ መሆኑ ነው። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1774 እስከ 1845 ከኖረው ከጆን ቻፕማን ቅጽል ስም ነው። ይህ ሰው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ የፖም ችግኝ ያፈላ ስለነበር «ጆኒ አፕልሲድ»፣ ማለትም «ጆኒ የፖም ዘር» ይሉት ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የተማረ ሰው ለሌላው እንዲዘራ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው በ25 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ጠመንጃው አነስተኛ ጥይት የሚጎርስ፣ ርግጫው እምብዛም የማይሰማ ዓይነት ነው። ዒላማው ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ያሉት ሥዕሎች እያደር እያነሱ የሚሄዱት፣ በ25 ሜትር ሲታዩ በ100፣ በ200፣ በ300 እና በ400 ያርድ ላይ የቆመ ሰው የሚያህሉ እንዲመስሉ ነው። አራት መቶ ያርድ ማለት 366 ሜትር ገደማ ነው። ሩቁን ቦታ ሳይኬዱ በቅርብ መማር ማለት ይኸው ነው፤ እኛ የዓለምን ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምናስተምረው።

ቅዳሜ ጧት፣ ገና ምንም ሳያስተምሩ፣ ተማሪው 13 ጥይት ይተኩሳል። በአራቱ ሥዕሎች ላይ ሦስት ሦስት፣ የቀረችዋን አንዷን ደግሞ በትንሿ ጣውላ ሥዕል ላይ። ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው። እሑድ ማታ ይህንኑ ይደግሙታል። እትዬ ቅዳሜ ጧት ያገኘችው ሁለት ብቻ ነበር። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት፤ እንዳላይባት መሆኑ ነው።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

በመስመሩ ላይ አራት ሕጎች ይነገራሉ፤ ተማሪውም ይደግማቸዋል፦

1ኛ/ አፈሙዝ ምን ጊዜም አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ ይሁን።
2ኛ/ «አጉርስ» የሚል ትእዛዝ ሳይሰጥ ጥይት አይጎረስም።
3ኛ/ ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ ሳያርፍ ጣት ቃታ አይነካም።
4ኛ/ አጠገብህ ያሉትም እነዚህን ሕጎች መጠበቃቸውን አረጋግጥ።

አራተኛውን ልብ በሉት። ሕጉ በአለቃው እጅ ብቻ ያለ አይደለም፤ የሁሉም ነው። አንድ ልጅ ቢሆን፣ ወይም ዛሬ የመጣ ጀማሪ፣ አደጋ ካየ «ተኩስ አቁም!» ብሎ መጮኽ ይችላል፤ ይገባዋልም። ሲጮኽ ሁሉም ያቆማል። «አንተ ማን ነህና!» የሚለው የለም። ወረቀት ለማየት ሰዎች ወደ ፊት ከመሄዳቸው በፊት ጠመንጃዎቹ ሁሉ ባዶ መሆናቸው አንድ በአንድ ይታያል፤ ጥይት በሚጎርስበት ክፍል ውስጥ ባዶነቱን የሚያሳይ ባለ ቀለም ምልክት ይሰካበታል። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ የሚነካ ሰው የለም።

በአገራችን ሠርግና በዓል ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ ያየን ሰዎች ይህን ስንመለከት ማሰባችን አይቀርም። ወደ ላይ የወጣ ጥይት እኮ ተመልሶ መውረዱ አይቀርም፤ የሚወርደውም ሰው ባለበት ነው። የእትዬ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምንሽራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ «ሴት ልጅ አትጠጋው» ይሉ ነበር። ጥንቃቄያቸው ጥሩ ነበር፤ ግን ጥንቃቄውን ከማስተማር ይልቅ ፍርሃቱን አስተማሩ። እሷም ስለ ጠመንጃ ያላት ዕውቀት አርባ ዓመት ሙሉ ያ ፍርሃት ብቻ ነበር። ለምን እንደተመዘገበች ስጠይቃት የመለሰችልኝም ይህንኑ ነው፦ «የማላውቀውን ነገር እየፈራሁ ማርጀት አልፈለግሁም።»

አንዲቷን ጥይት ለመተኮስ ስድስት ደረጃ

ላላወቀው ሰው መተኮስ ማለት ማነጣጠርና ቃታ መሳብ ነው። እነሱ ግን አንዷን ተኩስ በስድስት ይከፍሏታል፦

ሀ/ የኋላውንና የፊቱን ማነጣጠሪያ ማስተካከል፤
ለ/ የተስተካከለውን ማነጣጠሪያ ዒላማው ላይ ማሳረፍ፤
ሐ/ ትንፋሽን በተፈጥሮ አስወጥቶ፣ ቀጣዩ ትንፋሽ ከመሳቡ በፊት ባለችው እፎይታ ላይ መቆየት፤
መ/ ዓይንን በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ፣ አሳብን ደግሞ ያ ማነጣጠሪያ ከዒላማው እንዳይወርድ በመጠበቅ ላይ ማዋል፤
ሠ/ ቃታውን በዝግታና በቀጥታ ወደ ኋላ መጭመቅ፤
ረ/ ጥይቱ ከወጣም በኋላ ቃታውን እንደ ያዙ መቆየትና፣ ጥይቱ በወጣባት ቅጽበት ማነጣጠሪያው የት እንደነበር በቃል መናገር።

«መ» ጀማሪውን ያስቸግራል። የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ የኋላውን፣ የፊቱንና ሩቅ ያለውን ዒላማ አጥርቶ ማየት አይችልም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ጀማሪ የሚመርጠው ዒላማውን ነው፤ መምታት የሚፈልገው እሱን ስለሆነ። ትምህርቱ ግን ዒላማው ደብዘዝ ይበል፣ የፊቱ ማነጣጠሪያ ይጥራ ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ማነጣጠሪያው በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢዛነፍ ዒላማው ላይ ሲደርስ ስሕተቱ ብዙ ይሆናል። ቅርቡ ካልተስተካከለ ሩቁ አይገኝም ማለት ነው።

ከነዚህ በተጨማሪ የአካል አቀማመጥ አለ፦ በደረት ተኝቶ፣ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ፣ ቆሞ። የጠመንጃው ማንገቻ ለመሸከሚያ ብቻ አይደለም፤ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ጠመንጃውን ከአካል ጋር ያስረዋል። ክርኑ ከጠመንጃው ሥር ሲገባ ክብደቱን የሚሸከመው አጥንት ይሆናል፤ ጡንቻ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል፤ አጥንት ግን አይደክምም።

ከሁሉ የወደድሁት ደግሞ ይህ ነው። ተማሪው አነጣጥሮ ከጨረሰ በኋላ ዓይኑን እንዲጨፍን፣ አካሉን እንዲያላላ፣ አንዴ ተንፍሶ ዓይኑን እንዲከፍት ይደረጋል። ማነጣጠሪያው ከዒላማው ላይ ወደ ጎን ሄዶ ካገኘው፣ ቀድሞ ዒላማው ላይ ያቆየው የነበረው የክንዱ ኃይል ነው ማለት ነው። ታዲያ ጠመንጃውን በጉልበት አይመልስም፤ መላ አካሉን ጥቂት ያዞራል። እንደገና ይጨፍናል፤ እንደገና ያያል። በኃይል የተያዘ ነገር ቃታ ሲሳብ ይለቃል፤ በራሱ ያረፈ ነገር ግን ባለበት ይቆያል።

ወረቀቱ የሚናገረው

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንድረስ። ተማሪው አምስት ጥይት በአንዲት ትንሽ ካሬ ላይ ይተኩስና ወረቀቱን ከአሠልጣኙ ጋር ሆኖ ይመለከታል። አሠልጣኙ «ስንት መታህ?» አይልም። የሚጠይቀው «ቀዳዳዎቹ ምን ቅርጽ ሠሩ?» ብሎ ነው።

ቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች ተሰልፈው ከሆነ፣ ተማሪው እየተነፈሰ ነው የተኮሰው። ደረት ከፍና ዝቅ ሲል አፈሙዝም ከፍና ዝቅ ይላልና። ወደ ጎን ተሰልፈው ከሆነ አካሉ በትክክል አላረፈም፣ ወይም ቃታውን ወደ ጎን እየገፋ ነው። እዚህም እዚያም ከተበታተኑ መሠረቱ ገና አልተያዘም፤ ምናልባት ተማሪው ከተኩሱ በፊት ይደነብራል። አምስቱም በአንድ ላይ ተጠጋግተው፣ ነገር ግን ከካሬዋ ውጭ፣ ለምሳሌ አንድ ኢንች ወደ ግራ ካረፉስ? ካሬዋን አንዲቷም አልነካችም። በእኛ አቆጣጠር ዜሮ ከአምስት ነው። አሠልጣኙ ግን ተማሪውን «ጎበዝ!» ብሎ ጨበጠው። መተኮሱን ችሎታልና፤ የቀረው ማነጣጠሪያውን ጥቂት ማዞር ብቻ ነው።

የሚዞረውም በግምት አይደለም። አንድ ክብ 360 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ዲግሪ በ60 ደቂቃ ይከፈላል። የአንድ ደቂቃ ማእዘን በ100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ያህል ይሰፋል፤ በ25 ሜትር ደግሞ ሩብ ኢንች ገደማ። ስለዚህ በ25 ሜትር አንድ ኢንች የሳተ ማነጣጠሪያ አራት ደቂቃ ያህል መዞር አለበት። እንዲህ እያሉ የማእዘን ሒሳብ የ12 ዓመት ልጅ ሲያሰላ አየሁ፤ «ይህ ለምን ይጠቅመኛል?» ብሎ የጠየቀም የለም።

የእትዬ ቀዳዳዎች ግን የተበታተኑ ነበሩ። አንዱ አሠልጣኝ አጠገቧ ተንበርክኮ ጥቂት ጊዜ ተመለከታትና ካዝናዋን ተቀብሎ፣ ሳታይ፣ ከጥይቶቹ መሐል የማይፈነዳ የልምምድ ጥይት ቀላቅሎ ሰጣት። የትኛው እንደሚተኩስ የትኛው ዝም እንደሚል አታውቅም። ሁለቱ ተኮሱ። ሦስተኛው «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ያኔ፣ ምንም ድምፅ፣ ምንም ርግጫ ሳይኖር፣ አፈሙዙ ቁልቁል ዘቅ ሲል ከኋላ ሆኜ በግልጽ አየሁት።

አሠልጣኙ «ተሳሳትሽ» አላላትም። «ምን አየሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ወደ ታች ገፋሁት። ድምፁን ሳልሰማ ቀድሜ ደነበርሁ» አለች።

«በጣም ጥሩ። እንቀጥል» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲለማመዱ ቆዩና አፈሙዙ መዝቀጡን ተወ። ቀጥሎ ያመጣችው ወረቀት ላይ አምስቱ ቀዳዳዎች በአንድ የሻይ ስኒ አፍ ሊሸፈኑ የሚችሉ ነበሩ። ይህንኛውን አላጠፈችውም፤ አምጥታ አሳየችኝ።

ስለ ታሪኩ ጥቂት

በዕረፍት ሰዓት አሠልጣኞቹ ታሪክ ይተርካሉ፤ የዛሬ ፖለቲካ ግን አይነሣም። የሚተርኩት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1775 በማሳቹሴትስ ስለሆነው ነው። በዋዜማው ምሽት 700 ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች ኮንኮርድ በምትባል ከተማ የተከማቸ መሣሪያ ሊያጠፉ ከቦስተን ወጡ። ፖል ሪቪርና ዊልያም ዶውስ ሌሊቱን በፈረስ ጋልበው ሕዝቡን አስጠነቀቁ። ሲነጋ በሌክሲንግተን፣ በካፒቴን ጆን ፓርከር ሥር የተሰለፉ ሰባ ሰማንያ የሚሆኑ ባላገሮች ከወታደሮቹ ጋር ተፋጠጡና ስምንቱ ሞቱ። በኮንኮርድ በሰሜኑ ድልድይ ላይ ደግሞ ካፒቴን አይዛክ ዴቪስ ከፊት ሆኖ ሲመራ ወደቀ። እንግሊዞቹ ወደ ቦስተን ሲመለሱ በየመንገዱ ተመቱ። በዚያ ቀን 73 የእንግሊዝ ወታደሮችና 49 ያገሩ ሰዎች ሞተዋል። ሳሙኤል ዊትሞር የሚባሉ፣ ዕድሜአቸው ወደ 80 የተጠጋ ሽማግሌ ብቻቸውን ተዋግተው በጥይትና በሳንጃ ቆስለው ለሞት ተተዉ፤ ነገር ግን ድነው እስከ 1793 ኖሩ።

የታሪክ ትምህርት ሠልጣኞች አንድ ነገር እንዲጨምሩበት እፈልጋለሁ። በዚያን ቀን የነበረው መሣሪያ በአብዛኛው ውስጡ ልሙጥ የሆነ የጥንት ጠመንጃ እንጂ ዛሬ በትምህርቱ የሚያዘው ዓይነት አልነበረም፤ ከመቶ ሜትር በላይ አንድን ሰው ለይቶ ለመምታት እጅግ ያስቸግር ነበር። ስለዚህ ታሪኩ የአነጣጣሪዎች ብቻ አይደለም። ማልደው የተነሡ፣ አስቀድመው የተሰናዱ የጎረቤት ሰዎች ታሪክ ነው።

ፈተናው

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈተና አለ። ቆሞ 10 ጥይት በ2 ደቂቃ፤ ከቆሙበት ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ 10 ጥይት በ55 ሴኮንድ፤ ከቆሙበት በደረት ተኝቶ 10 ጥይት በ65 ሴኮንድ፤ በመጨረሻም በደረት ተኝቶ 10 ጥይት በ5 ደቂቃ። በአራተኛው ክፍል ነጥቡ በእጥፍ ይታሰባል። በጠቅላላው 40 ጥይት፣ 250 ነጥብ። 210 ያገኘ ሰው «ራይፍልማን» የሚል የጨርቅ ምልክት ይሰጠዋል።

እትዬ 163 አገኘች። ምልክቱን አላገኘችም። ነገር ግን ፈተናው አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ሙከራዋ 98 ነበር። በመጨረሻ የቅዳሜ ጧቱን ባለ 13 ጥይት ወረቀት ሲደግሙት ዘጠኝ መታች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ ወደ መኪናው ስትሄድ፣ ያጠፈችውንም ጭምር ዘርግታ ነበር። «አየህ አይደል?» አለችኝ። «አየሁ» አልኋት።

ታዲያ እኛስ?

በመመለሻዬ በአውሮፕላን ውስጥ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። የመቀነስ ፈተና ሰጥቼ ይህ ልጅ እንዲህ ብሎ ሠራ፦ 52 - 27 = 35፤ 71 - 48 = 37፤ 63 - 19 = 56። መበደር የማያስፈልጋቸውን ሁለቱን ሲያገኝ ስምንቱን ሳተ። በስምንቱም ላይ በቀይ «×» አደረግሁና ከግርጌው «ሰነፍ» ብዬ ጻፍሁበት፤ ለክፍሉም አነበብሁት። ልጁ ከዚያ ወዲያ ደብተሩን በፈቃዱ አሳይቶኝ አያውቅም።

እስቲ አሁን መልሶቹን እንደ ዒላማ ወረቀት እንያቸው። 52 - 27 ላይ ከ2 ላይ 7 አይቀነስም ሲሆንበት ከ7 ላይ 2 ቀነሰ፤ 5 ሆነ። ከ71 ላይ 48 ሲቀንስ ከ8 ላይ 1 ቀነሰ፤ 7 ሆነ። 63 - 19 ላይም ከ9 ላይ 3፤ 6 ሆነ። ስምንቱም ስሕተት አንድ ዓይነት ነበር፤ ምን ጊዜም ከትልቁ አሐዝ ትንሹን ይቀንሳል። ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተዋል! ልጁ መቀነስ ያውቃል፤ ሥርዓትም አለው፤ የጎደለው መበደር ብቻ ነበር። አሥር ደቂቃ ቢሰጠው የሚቃና ነገር ነበር። እኔ ግን ቀዳዳዎቹን ቆጠርሁ እንጂ ቅርጻቸውን አላነበብሁም። ሰነፉ ማን እንደነበረ ለመፍረድ አንባቢ አይቸገርም።

ስለዚህ በቅርቡ ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች የምትወጡ ሠልጣኞች እነዚህን ነጥቦች እንድትይዙልኝ እጠይቃለሁ፦

1/ ከማስተማራችሁ በፊት ተማሪው የሚያውቀውን ለኩ፤ በኋላም በዚያው መለኪያ ለኩት። ልጁ የሚፎካከረው ከትናንቱ ራሱ ጋር ይሁን።

2/ ከባድ የሚመስለውን ሥራ ከፋፍሉት። አንዲት ቃታ መሳብ ስድስት ደረጃ ካላት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ስንት ይኖራት ይሆን?

3/ ስሕተትን ከመቁጠራችሁ በፊት ቅርጹን ተመልከቱ። የተጠጋጋ ስሕተት ጥቂት ማስተካከያ ይፈልጋል፤ የተበታተነ ስሕተት ወደ መሠረቱ መመለስን ይጠይቃል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት «×» መስጠት ሁለቱንም አለማከም ነው።

4/ ልጁ ስሕተቱን ራሱ እንዲያየው አድርጉ። «ተሳስተሃል» ከማለት «እንዴት አድርገህ ሠራኸው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ራሱ ያየውን አይረሳም፤ በሰው ፊት የተዋረደበትን ደግሞ ይደብቀዋል።

5/ የጥንቃቄና የሥርዓት ሕግ የሁሉም ይሁን። ትንሹ ልጅ «ይህ ልክ አይደለም» ለማለት የሚደፍርበት ክፍል የተረጋጋ ክፍል ነው።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የት እንዳለ አላውቅም። ባገኘው የምነግረው ነገር ነበረኝ። እስከዚያው ግን፣ ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ከልምምድ ስትመለሱ ከተማሪዎቻችሁ ደብተር አንድ አንድ የስሕተት ገጽ፣ የልጁን ስም ሳትጽፉ፣ ገልብጣችሁ በዚህ ጋዜጣ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱልኝ። ሁላችንም በአንድ ላይ ቅርጹን እናነበዋለን።